ጥቁር ኢትዮጵያዊው ቲማቲም

(ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። ሐምሌ ማለቂያ፣ ቅዳሜ ረፋድ። ጋሽ ታደሰ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከጓሯቸው አይጠፉም። ጓሮ ስንል ሁለት መኪና ብታስቆም የምትሞላ መሬት ናት። ጎረቤታቸው እትዬ ዘነበች ሳህን ይዘው ገብተዋል። የጋሽ ታደሰ የእህት ልጅ ቢኒ አረም ሊነቅል መጥቶ ጥላ ሥር ስልኩን ይጎረጉራል።)

ዘነበች፦ እንደምን አደሩ ጋሽ ታደሰ! ለፍትፍት የምትሆን ሦስት ፍሬ ቲማቲም ባገኝ ብዬ ነበር።

ታደሰ፦ የትኛውን ይፈልጋሉ?

ዘነበች፦ የበሰለውን።

ታደሰ፦ እዚህ ጓሮ ዝም ብሎ ቲማቲም የሚባል የለም እትዬ ዘነበች። ሁሉም ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ዘር ነው። ስም አለው፣ የዘር ሐረግ አለው።

ዘነበች፦ ውይ፣ ይቅርታ! እንግዲያው በወጉ ያስተዋውቁኛ።

ታደሰ፦ (ጎንበስ ብለው ከተክሉ ሥር የተሰካ እንጨት እያዩ) ይቺ እንግዲህ... ይቺ... ቢኒ፣ እስቲ መነጽሬን አቀብለኝ።

ቢኒ፦ ጋሼ፣ መነጽሩን አድርገውታል። የጠፋው ጽሑፉ ነው።

(በየተክሉ ሥር የአይስክሬም እንጨት ተሰክቷል። ግንቦት ላይ በማርከር ተውቦ የተጻፈውን ስም ዝናብና ፀሐይ ተረባርበው በልተውታል። አንዱ ላይ «ብራ» የምትል ቀርታለች፤ ሌላው ላይ አንዲት አራት ነጥብ ብቻ።)

ዘነበች፦ ስማቸው ከታጠበማ አሁን ተራ ቲማቲም ሆነዋል ማለት ነው። (ሳህኑን ይዘረጋሉ።)

ታደሰ፦ ይቆዩ እንጂ! በቅጠል ይለያል። ይሄ ቅጠሉ ሰፊ፣ ጠርዙ ያልተሰነጣጠቀ፣ ቁርጥ የድንች ቅጠል። ብራንዲዋይን ነው።

ዘነበች፦ ከጎኑ ያለውስ?

ታደሰ፦ እሱም ብራንዲዋይን ነው። ግን የሱደዝ።

ዘነበች፦ ያኛውስ?

ታደሰ፦ ብራንዲዋይን፣ የኩዊዘንቤሪ።

ዘነበች፦ በምንድነው የሚለያዩት?

ታደሰ፦ (ጉሮሯቸውን ጠርገው) በፓኬታቸው።

ቢኒ፦ ጋሼ፣ እዚህ እያነበብኩት ነው። ቤን ኩዊዘንቤሪ የሚባል የኦሃዮ ሽማግሌ ዘሩን ያገኘው ከዶሪስ ሱደዝ ሂል ነው። የእሷ ቤተሰብ ደግሞ ቴነሲ ውስጥ ከ80 ዓመት በላይ ሲዘራው ኖሯል። የሱደዝ ያሉትም የኩዊዘንቤሪ ያሉትም ያው አንዱ ነው። ሦስተኛው ፓኬት ላይ ደግሞ የሰውየውን ስም መጻፍ ሰልችቷቸው ይሆናል።

ዘነበች፦ በስንት በስንት ገዟቸው?

ታደሰ፦ በአራት በአራት ዶላር። መላኪያው ሳይቆጠር።

ዘነበች፦ ለአንዲት ሙሽራ ሦስት ጊዜ ጥሎሽ ከፈልኩ በሉኛ!

ታደሰ፦ ሰውስ ቢሆን ስም ይደራርብ የለም እንዴ? እርስዎ ራስዎ ሰፈር ውስጥ ዘነበች፣ በክርስትና ወለተ ማርያም፣ ሥራ ቦታ «ዜኒ» አይደሉም?

ዘነበች፦ ነኝ። ደሞዜ ግን አንድ ነው።

ቢኒ፦ (ከስልኩ ሳይነቀል) ነገሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በፈረንጆቹ በ1880ዎቹ ሊበርቲ ሃይድ ቤይሊ የተባለ የእጽዋት ምሁር ሚሺጋን እርሻ ኮሌጅ ውስጥ 171 ስም ያላቸውን ቲማቲሞች ዘርቶ ጎን ለጎን አያቸው። በእርግጥ የተለያዩት 61 ብቻ ሆነው ተገኙ።

ዘነበች፦ ዘር ሻጮቹ አልደበደቡትም?

ቢኒ፦ ኧረ ምንም አላሉትም። ካታሎጋቸውን ማሳተም ቀጠሉ።

ታደሰ፦ ያ ድሮ ነው። ከ1939 ወዲህ የፌዴራል የዘር ሕግ አለ። ዘር በሐሰት ስም መሸጥ ክልክል ነው።

ዘነበች፦ ከሳሹ ማነው? ቲማቲሙ?

ታደሰ፦ ሁሉንም ሌባ አያድርጉታ! አክስት ለወንድሟ ሚስት ዘር ትሰጣለች፤ ስሙን ሳትነግራት ትሞታለች። ሴትዮዋ «የእትዬ ቲማቲም» ትለዋለች። ጎረቤት ይወስድና በሴትዮዋ ስም ይጠራዋል። ካታሎግ ላይ ሲደርስ ሦስት ስም ይዞ ነው። ቸሮኪ ፐርፕልን ይውሰዱ። በ1990 አንድ የቴነሲ ሰው ስም የሌለው ዘር በፖስታ ክሬግ ለሁሊየር ለሚባል ዘር ሰብሳቢ ላከለት፤ ከቸሮኪ ሕዝብ የተገኘ ነው የሚል ቃል ጨምሮ። ለሁሊየር ዘራው፣ ሐምራዊ ሆኖ አገኘው፣ ስም አወጣለት። ዛሬ የማይዘራው የለም።

ዘነበች፦ እና እርስዎ ጋ የታለ?

ታደሰ፦ እሱን ነው የሚገርመኝ። ዘሩን ከፍሬው አውጥቼ ከነጭማቂው ብርጭቆ ውስጥ አስቀመጥኩት። ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ ዘሩ ላይ ያለው ልጋግ ይለቃል፣ ከዚያ ታጥቦ ይደርቃል። መስኮቱ ላይ ነበር። ብርጭቆው አለ፣ ዘሩ የለም።

ዘነበች፦ (ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው) ያ ከላይ ነጭ ሻጋታ የለበሰው? ዝንብ የወረረው?

ታደሰ፦ አዎ!

ዘነበች፦ ሴት የሌለበት ቤት ብዬ አዝኜልዎት በላርጎ አጥቤ ቦታው መለስኩት።

(ረዘም ያለ ዝምታ። ቢኒ ሳቁን ለመደበቅ እውነትም አረም ይነቅላል።)

ታደሰ፦ ከቸሮኪዎቹ ተርፎ፣ ከቴነሲ በፖስታ ተጉዞ፣ በላርጎ አለቀ።

ዘነበች፦ ካሣ እንድከፍል በስሙ ነው በክብደቱ?

ታደሰ፦ (ወሬ ለመለወጥ) ይሄ ደግሞ ሞርጌጅ ሊፍተር ነው። እዚህ ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ስሙ አንድ፣ ቲማቲሙ ሁለት። ሁለቱም የዌስት ቨርጂኒያ ናቸው። አንዱ የኤስትለር፣ አንዱ የራዲያተር ቻርሊ።

ዘነበች፦ የማን?

ታደሰ፦ ባይልስ ነው ስሙ። ሎጋን በምትባል ከተማ ራዲያተር ይጠግን ነበር። ጋራዡ ቀጥ ካለ ዳገት ሥር ነው፤ የጭነት መኪናው ዳገቱ ላይ ይፈላና እየተንሸራተተ ወደ እሱ ይመለሳል። እርሻ የተማረ ሰው አይደለም። የሕፃን ጆሮ በሚታጠብበት የጎማ ፓምፕ የአበባ ብናኝ ካንዱ ተክል ወደ ሌላው እያዛወረ ትልልቁን ቲማቲም አዳቀለ። በ1940ዎቹ አንዷን ችግኝ በ1 ዶላር እየሸጠ የ6,000 ዶላር የቤት ዕዳውን በ6 ዓመት ዘጋ። ስሙም ከዚያ መጣ፤ «የቤት ዕዳ አንሺ» ማለት ነው።

ዘነበች፦ ቲማቲሙን ሸጦ ነው?

ታደሰ፦ ችግኙን።

ዘነበች፦ (ሳህናቸውን መሬት አስቀምጠው አጠገባቸው ያለውን ወንበር ይስባሉ) እስቲ እንደ አዲስ ይንገሩኝ።

ታደሰ፦ ፍትፍቱስ?

ዘነበች፦ ፍትፍት የትም አይሄድም። ወንድሜ መቂ ላይ ስንት ዘመኑ፣ ሮማ ይዘራል፣ መልካሾላ ይዘራል፤ ነጋዴው መጥቶ «ስንት ሳጥን?» ይላል እንጂ ስማቸውን ጠይቆ አያውቅም። ለካ ቲማቲሙን እየሸጠ ስሙን በነጻ ሲሰጥ ኖሯል። ያ ከፊት ባንዲራ የተሰካበትስ?

ታደሰ፦ (ቀና ብለው) እሱማ ብላክ ኢትዮፒያን ነው፣ ጥቁሩ ኢትዮጵያዊ! የአድዋ ዕለት ነው ያዘዝኩት። ካታሎጉን ስገልጥ የአገሬን ስም አየሁ፤ ዋጋውን ሳላይ ተጫንኩት።

ቢኒ፦ ጋሼ፣ እስከ ታች አንብበውታል? ዘሩ የተገኘው ከዩክሬን ነው ይላል።

ዘነበች፦ ዩክሬን ምን ሊሠራ ሄዶ?

ታደሰ፦ (ጥቂት አስበው) በደርግ ጊዜ ለትምህርት ሄዶ ይሆናላ።

ዘነበች፦ ታዲያ እንደ ሌሎቹ እዚያው ቀረ። ወይ አገሬ!

ታደሰ፦ ባንዲራውን አልነቅልም።

ዘነበች፦ ማን ንቀሉ አለዎት? ባንዲራው እኮ ነው አራት ዶላር ያወጣው። እኔም ነገ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጠረጴዛ እዘረጋለሁ። ዘር ማድረቅ እንደሆነ አሁን አስተማሩኝ። ቤቴ ሙሉ ቲማቲም አለ።

ቢኒ፦ ከየት የመጣ?

ዘነበች፦ ከሱቅ ነዋ።

ቢኒ፦ እትዬ፣ የሱቁ አብዛኛው ዲቃላ ነው። እነዚህ የአያት ዘሮች አበባቸው በራሱ ብናኝ ስለሚያፈራ ልጁ እናቱን መስሎ ይወጣል። የዲቃላው ዘር ግን ሲዘራ አንዱ ክብ፣ አንዱ ሞላላ ሊሆን ይችላል።

ዘነበች፦ ልጅ አባቱን ባይመስልም በአባቱ ስም ይጠራ የለ? እንዲያውም ጥሩ ነው፤ የተለያየ ስም ስሰጠው የተለያየ ሆኖ ይወጣልኛል። ለጎንደሮቹ «የፋሲል»፣ ለሐረሮቹ «ጀጎል»፣ ለወሎዬዎቹ...

ታደሰ፦ ወንጀል ነው! የሕዝብ ማታለል ነው! በቤተ ክርስቲያን ግቢ!

ዘነበች፦ ...ለመንዞቹ «የመሐል ሜዳ»፣ ለአንኮበሮቹ «የአንኮበር እመቤት»...

ታደሰ፦ (ድንገት ቀዝቅዘው) የምን አሉ?

ዘነበች፦ የአንኮበር እመቤት። ለካ እርስዎም የዚያው ነዎት!

ታደሰ፦ ቅጠሏ እንዴት ነው?

ዘነበች፦ እርስዎ እንዴት ያለ ይወዳሉ?

ታደሰ፦ ድንች ቅጠል።

ዘነበች፦ ድንች ቅጠል ናት።

ቢኒ፦ ጋሼ!

ታደሰ፦ አንተ አረምህን ንቀል። (ኪሳቸውን እየዳበሱ) ስንት ነው?

ዘነበች፦ አራት ዶላር። ጎረቤት ስለሆንን መላኪያውን ትቼልዎታለሁ።