ያልታጠበ እጅና የቦረና ሲኒ

ሰው ሠራሽ ማጣፈጫዎች፣ ማለትም አፍን እንደ ስኳር እያጣፈጡ ለሰውነት የሚሰጡት ኃይል (ካሎሪ) ግን ከቁጥር የማይገባ ቅመሞች፣ ለዓለም የተገለጡት በአብዛኛው ባልታጠበ እጅ ነው። ኮንስታንቲን ፋልበርግ የተባለው ኬሚስት በ1879 እ.ኤ.አ. በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ከከሰል ቅጥራን የሚገኙ ውሁዶችን ሲመረምር ውሎ እራት ሲበላ ዳቦው ያለ ልማዱ ቢጣፍጠው፣ ጣዕሙ ከገዛ ጣቱ መምጣቱን ደረሰበትና ከስኳር 300 እጥፍ ያህል የሚጣፍጠው ሳካሪን ታወቀ። በ1937 ማይክል ስቬዳ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሲያጨስ ጠረጴዛ ላይ አኑሯት የነበረችው ሲጋራ ብትጣፍጠው ሳይክላሜትን አገኘ፤ በ1965 ደግሞ ጄምስ ሽላተር ወረቀት ለማንሳት ጣቱን ቢልስ አስፓርታም ምላሱ ላይ ቀረ። እንግዲህ የወሎዋ ቦረና ከተማ መካነ ሰላምና አካባቢዋ ለዚህ ሳይንስ ድርሻ ሳያበረክቱ የቀሩት በዕውቀት ማነስ እንዳልሆነ ልብ ይሏል፤ ገበታ ከመቅረቡ በፊት አንድ ልጅ ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዞ እንግዳውን ሁሉ በሚያስታጥብበት አገር ሳካሪን የሚገኝበት ቀዳዳ አልነበረም።

የማጣፈጫዎቹ አሠራር ረቂቅ አይደለም። ምላስ ላይ ያሉት የጣዕም ተቀባይ ሕዋሳት ስኳርን ሲያገኙ የሚያሰሙትን ምስክርነት ለእነዚህም ያሰማሉ፤ ሰውነት ግን ሳካሪንን ሳይፈጨው በሽንት ያስወጣዋል። አስፓርታም በግራም ሲሰላ የስኳርን ያህል ኃይል ቢኖረውም፣ ጣፋጭነቱ 200 እጥፍ ስለሆነ የሚፈለገው መጠን እጅግ ጥቂት ነው፤ የማንኪያውን ሥራ አንዲት የምስር ፍሬ የምታህል ክኒን የምትሠራውም በዚህ ምክንያት ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ክኒኗ ከረከቦት ፊት ስትደርስ ነው። በቦረና፣ በወግዲ፣ በለጋምቦና በሳይንት ደጋ ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሦስት ጊዜ ይጠጣል፤ ስኳር የሚጨምረውም ጠጪው ሳይሆን ቀጂዋ ናት፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ሳትጠይቅ። በአንድ ሲኒ ሁለት የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 8 ግራም ገደማ ቢገባ፣ በረካ ላይ ሲደረስ 24 ግራም ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው ቢቻል በቀን ከ25 ግራም የማያልፍ ስኳር ይመከራልና፣ ሕግ አክባሪው ጠጪ አንድ ግራም ይተርፈዋል፤ እርሷንም ከሰዓት በኋላ የጎረቤት ቡና ይጠብቃታል። በዚህ መካከል ከኪሱ ትንሽ ዕቃ አውጥቶ ክኒን ሲኒው ውስጥ ጠብ የሚያደርግ እንግዳ ቢገኝ፣ ቤቱ የሚያስበው ስለ ካሎሪ ሳይሆን ስለ ሕመሙ ነው። ከአንደኛው ወገን «አላህ ያሽርህ»፣ ከሌላው ወገን «እግዚአብሔር ይማርህ» ይዘንባል፤ ውፍረት ለመቀነስ ብቻ ነው ብሎ ማስረዳት ደግሞ፣ ወፈር ማለት የደህና ኑሮ ምልክት በሆነበት ቤት፣ የሕመሙን ጽናት ከማረጋገጥ አያልፍም።

ስኳር በዚህ አገር ጣዕም ብቻ ቢሆን ኖሮ በሌላ መተካቱ ባላስቸገረ ነበር። ወንጂ ላይ በሆላንዶች ኩባንያ የተሠራው ፋብሪካ በ1954 እ.ኤ.አ. ማምረት ከጀመረ ወዲህ ስኳር ቀስ በቀስ የደግነት መለኪያ ሆኗል፤ አራስ ሲጠየቅ፣ ሐዘንተኛ ሲጎበኝ፣ ቡናና ስኳር ተቋጥሮ ይኬዳል፣ በገበያ ጠፍቶ በሸማቾች ማኅበር በኩል በኪሎ ሲታደል ደግሞ ክብሩ ከፍ ይላል። ለአንድ መንደር የሚበቃ ጣፋጭነት በደረት ኪስ ይዞ ለቅሶ ቤት የሚገባ ሰው፣ በኬሚስትሪ ረገድ ብዙ ኪሎ ተሸክሞ ቢመጣም፣ በመንደሩ ሚዛን ባዶ እጁን ነው የመጣው።

ሆኖም የደጋው ሰው ያለ ስኳር ቡና መጠጣትን ከማንም የሚማር አይደለም። ስኳር በየሱቁ ሳይዳረስ በፊት በብዙ የወሎ ቤቶች ቡና በጨው ይጠጣ ነበር፣ አሁንም በገጠር የሚጠጣ አለ፤ ጤና አዳም ቅጠል ጣል ሲደረግበትም መዓዛው ከእጣኑ ጋር ይፎካከራል። የዓለም ጤና ድርጅትም በግንቦት 2023 እ.ኤ.አ. ሰው ሠራሽ ማጣፈጫዎችን ክብደት ለመቆጣጠር ሲባል መጠቀም እንደማይመከር ሲያስታውቅ (ምክሩ የስኳር በሽታ አስቀድሞ ያለባቸውን አይመለከትም)፣ ሳያስበው ወደ ጨው ጠጪዎቹ አያቶች ያዘነበለ ይመስላል። አያቶች ግን በዚህ ድል ብዙ ሊመኩ አይችሉም፤ ይኸው ድርጅት ጨውንም በቀን ከ5 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራልና። ምክሩን ሁሉ ለመፈጸም የቆረጠ የመካነ ሰላም ቡና ጠጪ የሚቀረው ጤና አዳሙ ብቻ ነው፤ እርሱንም ቢሆን ቀጂዋ ሳትጠይቅ ትጨምርለታለች።