ቮልሷን እንዳትሸጣት

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ አባቴ፣

ባለፈው በስልክ «ቮልሷን ቆራሌው በኪሎ ጠይቆኛል፤ ልሸኛት ይሆን?» ስትለኝ «እንደ ወደድክ» ብዬህ ነበር። ያን ቃሌን አንስቻለሁ። ምክንያቱን ደውዬ እንዳልነግርህ፣ ሦስት ደቂቃ ሲሞላ «በል ካርድህ አለቀ» ብለህ ትዘጋብኛለህ። ስለዚህ እንደ ድሮው ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ተቀምጫለሁ፤ አንተም መነጽርህን አድርግና ተቀመጥ።

የምሠራበትን መጦሪያ ነግሬሃለሁ፤ ከፍራንክፈርት ወጣ ብሎ ማይን ወንዝ ዳር ነው። ከማስታምማቸው አረጋውያን አንዱ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚሁ ሩሰልስሃይም ባለው የኦፔል ፋብሪካ ሞተር ሲገጥሙ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ያ ፋብሪካ እንዴት እንደተጀመረ ያጫወቱኝም እሳቸው ናቸው። አዳም ኦፔል በ1862 ሥራውን ሲጀምር የሚሠራው የልብስ ስፌት መኪና ነበር አሉ። ከዚያ ወደ ብስክሌት ዞረ፤ አውቶሞቢሉ የመጣው እሱ ከሞተ በኋላ በ1899 ነው። እኛ የእማዬን ሲንጀርም ያንተን ቮልስም «መኪና» ብለን እንደምንጠራ ስነግራቸው፣ «ታዲያ ልክ ናችኋ!» ብለው ቀኑን ሙሉ ሲስቁ ዋሉ።

እኒህ ሰው በቀደም እሁድ «ዛሬ መድኃኒቴን የምውጠው መኪና ካሳየኸኝ ብቻ ነው» ብለው ዓመፁ። ለካ አጠገባችን ባለች መንደር አሮጌ መኪና ያላቸው ሰዎች የሚሰባሰቡበት ቀን ኖሯል። አለቃዬ ስትቸግራት «ይዘሃቸው ሂድ» አለችኝ። ቅዳሴ እንደሚያመልጠኝ እያወቅሁ ተሽከርካሪ ወንበራቸውን እየገፋሁ ወጣሁ። ይህችን መስመር ለእማዬ አታንብብላት።

ቦታው የመንደሩ የእሳት አደጋ ጣቢያ ግቢና ከጎኑ ያለው ሜዳ ነው። ወደ ሰማንያ የሚጠጉ መኪኖች ኮፈናቸውን ከፍተው ተደርድረዋል። ባለቤቶቻቸው ከየመኪናቸው ጀርባ ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ለሠርግ የተጠራ ዘመድ መስለው ሰውን ያያሉ። ቋሊማ ይጠበሳል፤ የመንደሩ ማርሽ ባንድ ይነፋል፤ ኬክ የሚሸጡ እናቶች አሉ። እሁድ መኪና ማጠብ እዚህ ነውር ስለሆነ ሁሉም ቅዳሜ አጥቦ ነው የመጣው። ግን አንዲት ሴትዮ አላስቻላትም፤ በርከክ ብላ የመርሴዲሷን ቸርኬ ስርጓድ ሁሉ በጆሮ መጥረጊያ ጥጥ ታጸዳለች። አንዱን ጥጥ አየት ታደርግና ትጥላለች፣ ሌላ ታወጣለች። ልጅ አጥባ የምታሰልፍ እናት እንኳ ጆሮው ጋ ስትደርስ እንዲህ አትጠነቀቅም። መስታወቶቹ ላይ «እባክዎ አይንኩ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የኛ ሰፈር ልጅ ሁሉ ቮልሷ ኮፈን ላይ ተንሸራቶ ማደጉን አስቤ እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

ሠላሳ ዓመት የሞላው መኪና እዚህ አገር ማዕረግ ይሰጠዋል። መርማሪ አገላብጦ ያየዋል፤ ጤናማ ከሆነና ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን መልክ ካልለወጠ ታርጋው መጨረሻ ላይ «ኤች» የምትል ፊደል ትጨመርለታለች። «ታሪካዊ» ማለት ነው፤ ከ1997 ጀምሮ የመጣ ደንብ ነው። ግብሩም ሞተሩ ቢተልቅም ቢያንስም በዓመት 191 ዩሮ ከ73 ሳንቲም ነው። ሰባ ሦስቷ ሳንቲም ከየት መጣች ብዬ ብጠይቅ፣ «ሕግ ነው» ተባልኩ። እናንተ ጋ እኮ ሠላሳ ዓመት የሞላትን መኪና ነው ደላላው «አዲስ ናት፣ ሴት ናት የነዳቻት» እያለ የሚያሻሽጣት።

ሽማግሌዬ ከኦፔል ሰልፍ አልነቀል አሉ። እያንዳንዱ ሞተር ላይ እያጎነበሱ «ይቺ ብሎን እኔ ያጠበቅኋት ልትሆን ትችላለች» ይሉኛል። አርባኛዋ ብሎን ላይ ስንደርስ ዓይኔ ከሜዳው ዳር ካለች አንዲት ትንሽ መኪና ላይ አረፈ። አባዬ፣ ሴይቼንቶ ናት! ያቺው ፊያት 600። ቀለሟ ክሬም ስለሆነ እንጂ እንደ ታክሲ ሰማያዊና ነጭ ብትቀባ ኖሮ «ፒያሳ!» ብዬ ዘልዬ እገባ ነበር።

ባለቤቱ ሰባ ዓመት የሚሆነው ጣልያን ነው። አባቱ፣ ጀርመንና ኢጣልያ በ1955 የሠራተኛ ውል ከተፈራረሙ በኋላ ከካላብሪያ መጥተው ኦፔል የተቀጠሩ ናቸው። መኪናዋም በዚያው በ1955 ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣችው፤ ውሉና ሴይቼንቶ እኩዮች ናቸው ማለት ነው። ሰውዬው ከኋላ ሞተሯን ከፍቶ ላብ በላብ ሆኗል። አልነሳ ብላዋለች። ሦስት አራት ጀርመኖች ከብበውት እጃቸውን አጣምረው ያያሉ። እኔ ጠጋ አልኩና ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝ።

«ካንዴላ?»

ቀና አለ። «ካንዴላ ደህና ነው» አለኝ በጣልያንኛ።

«ሞተሪኖ?»

«ኖ፣ ሞተሪኖ አይደለም። ባተሪያ!»

«አሃ፣ ባትሪ!»

ሰውዬው ዓይኑ እንባ አቀረረ። መፍቻውን አስቀምጦ ትከሻዬን ያዘና በጣልያንኛ እንደ ጎርፍ ለቀቀብኝ። እኔ ምኑንም አልሰማሁ! የኔ ጣልያንኛ ከፓራፋንጎ አያልፍም። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ስፖኪዮ፣ ስኮርታ፣ ቦሎ፣ ሊብሬ፣ ታርጋ ልልለት እችላለሁ፤ እናቱ እንዴት እንደሆኑ ለመጠየቅ ግን አንድም ዕቃ የለኝም። «የት ነው የተማርከው?» ሲለኝ በጀርመንኛ «አባቴ መኪና የሚያሠራበት ጋራዥ፣ አዲስ አበባ» አልኩት። ሽማግሌዬ ነገሩ አልገባቸውም፤ «ኢትዮጵያ ውስጥ ለምን በጣልያንኛ መኪና ይጠግናሉ?» ብለው ጠየቁኝ። «ሳይጠሩ መጥተው አምስት ዓመት ቆዩ፤ ሲወጡ መፍቻውንና ስሙን ረስተው ሄዱ» አልኳቸው። ይህን የሰማው ጣልያን ጆሮው ድረስ ቀልቶ ወደ ቡናው ድንኳን ሄደና ሦስት ማኪያቶ ይዞ መጣ። እኔ እንደ ጦር ካሳ ቆጥሬ ጠጣሁት።

መኪናዋስ አትለኝም? ጀርመኖቹ «የመንገድ ዕርዳታ እንጥራ» ይላሉ፤ አንዱ የባትሪ ኬብል ሊያመጣ ቤቱ ሄዷል። እኔ «እንግፋት» አልኩ። ዝም ብለው አዩኝ። ጠዋት ጠዋት የሰፈር ልጅ ጠርተህ ቮልሷን እስከ ወፍጮ ቤቱ ቁልቁለት ስታስገፋን ያደግሁ መሆኔን ከየት ያውቃሉ! ጣልያኑን አስገባሁና ከኋላ ሆኜ እንዳንተ ጮህኩ፦ «ማርሽ ሁለተኛ! ፍሪሲዮን!» ሁለቱንም ያለ አስተርጓሚ ተቀበለ። ጥሩንባ የሚነፋው ወጣት ጥሩንባውን ሣር ላይ ጥሎ ገፋ፤ ሁለት የእሳት አደጋ ሠራተኞችም ገቡበት። ከዚያ «ልቀቅ!» አልኩ። ይቺኛዋ እንኳ ንጹሕ አማርኛ ናት፤ ግን ለቀቀው። ሴይቼንቶ ሁለቴ አስነጠሰችና ተነሳች። ጭሱ ባለ ጆሮ ጥጧ ሴትዮ ቸርኬ ላይ ሄዶ አረፈ። ብዙ ሰዓት አላነጋገረችኝም።

ጣልያኑ ከዚያ በኋላ ከኛ አልተለየም። አንዲት የሃምሳዎቹ ቮልስ ጋ ወስዶ ፍሬቻዋን አሳየኝ። መብራት አይደለም አባዬ! ከበሩ ጀርባ ካለው ምሰሶ ውስጥ እንደ ክንድ ብቅ የምትል ምላስ ናት፤ ሾፌሩ ሲፈልግ ትወጣለች፣ ሲፈልግ ትገባለች። «ፍሬቻ በቋንቋችን ቀስት ማለት ነው» አለኝ። ስንት ዓመት ቀስት እየወረወርን ስንታጠፍ ኖርን!

ይህን ጊዜ ነው የቮልሳችንን ፎቶዎች ያወጣሁት፤ እህቴ በፋሲካ የላከችልኝን። ሽማግሌዬ ቮልስ መሆኗን ሲያውቁ ኮሶ እንደ ጠጣ ሰው ፊታቸውን አጨማደዱ። ለኦፔል ሰው ቮልስ ማለት ምን እንደሆነ አንተው ገምት። ቢሆንም መነጽራቸውን አወጡና ስልኬን ተቀበሉኝ። ሰው ጠላቱን ከወዳጁ የበለጠ ሳያጠና አይቀርም።

«የግራው ፓራፋንጎ ከ1967 በፊት የተሠራ ነው፤ መብራቱ ወደ ኋላ ጋደል ብሏል» አሉ። «የቀኙ ከዚያ በኋላ ነው፤ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ይቺ መኪና በአንድ ዓይኗ ተኝታ በአንዱ ትጠብቃለች።» እኔ ወዲያው ሾላ ገበያ መውጫ ላይ ከአህዮቹ ጋር የተላተምክባት ቀን ትዝ አለችኝ፤ ባትላሜራው ከሌላ ቮልስ ፈትቶ የገጠመልህ። (አሁንም ጥፋቱ የአህያው ነው ትላለህ?) በሩን አዩ፣ መከላከያውን አዩ፣ የኋላ መብራቱን አጉልተው አዩ፤ በጣታቸውም ይቆጥሩ ጀመር። «ከዚህ ሞዴል 21 ሚሊዮን ተኩል ተሠርቷል፤ የመጨረሻዋ በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ወጥታለች። ያባትህ መኪና ከነዚያ ውስጥ ቢያንስ አምስቱን ናት» አሉኝ።

ቀጠሉና «የመስታወት ማጠቢያው ይሠራል ወይ?» አሉኝ። እኔ ከዝናብ በቀር ማጠቢያ አላውቅም። ለካ የቮልስ ማጠቢያ ውሃውን የሚረጨው በስኮርታው ጎማ አየር ነው! ከስኮርታው ቀጭን ቱቦ ወደ ውሃው ዕቃ ይሄዳል። ቱቦው ከተበሳ ጎማው ቀስ እያለ ይተነፍሳል። አባዬ፣ ያን ጎሚስታ ስንት ዓመት «ጎማዬን ሳይሞላ ያስከፍለኛል፣ ሌባ!» ስትለው ኖርክ? በሕይወት ካለ ቡና ጋብዘው።

ዳሽቦርዱ ላይ የለጠፍከውን ቅዱስ ገብርኤል ሲያዩ ግን ምንም አልቀለዱም። እዚያው አጠገባችን በቆመችው ኦፔል ዳሽቦርድ ጋ ወሰዱኝና አንዲት የብረት ሳንቲም የምታክል ምስል አሳዩኝ፤ ሕፃኑን ተሸክሞ ወንዝ የሚሻገረው ቅዱስ ክሪስቶፎር ነው። የነሱ ሾፌሮች ጠባቂ እሱ ነው። ጣልያኑም ቁልፉን አወጣ፤ እዚያም አለ።

ከዚያ የኋላ መቀመጫው ፎቶ ጋ ሲደርሱ ሽማግሌዬ ቆም አሉ። ጎተት አድርገው አጎሉት። ስልኩን ለጣልያኑ ሰጡት፤ እሱም አጎላው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ዶሮ ናት» አልኩ። «እናቴ አስታቅፋት ነው።»

«ኦሪጅናል ናት?» አሉኝ ሽማግሌዬ። ከዚያ ወዲያ አጠገባችን ያለው ሁሉ ሳቀ።

ወሬው ተዛምቶ ሰው መጣ። ነዳጅ የሚጠጣ የቤት መኪና ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገባ መከልከሉን ስናገርማ ሁሉም ቋሊማውን ይዞ ቀረበ፤ እዚህ ጉዳዩ ገና ያነታርካቸዋል። አንዱ «ታዲያ ያባትህን መኪና ምን ሊያደርጓት ነው?» አለኝ። «ቆራሌ በኪሎ ጠይቋታል» ስል እንዴት እንዳዩኝ! ባለጥጧ ሴትዮ እንኳ ኩርፊያዋን ረስታ «በኪሎ?» ብላ ጮኸች።

እንግዲህ የተጻፈልህ ጉዳይ ይኸው። ሽማግሌዬና ጣልያኑ ተወራርደዋል። የመኪናዋ ዋና አካል ሽማግሌው እንደሚሉት የ1964 ነው፤ ጣልያኑ ደግሞ የ1966 ነው ባይ ነው። መያዣው አንድ ሣጥን ቢራ ነው፤ መጦሪያው ቢራ ስለማያስገባ እኔ ጋ ይቀመጣል። ሊብሬው ላይ ዓመቱ ያለበትን ቦታ አይጥ እንደ በላው ነግሬያቸዋለሁ። ዳኛው የሻንሲ ቁጥሩ ነው። የኋላ መቀመጫውን አንሳው፤ መሐሉ ላይ ጎበጥ ብሎ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ብረት አለ፤ ቁጥሩ እሱ ላይ ተመቷል። በጨርቅ ጥረገውና እህቴ ፎቶ አንስታ ትላክልኝ። ባትሪውም እዚያው ከመቀመጫው ሥር በቀኝ በኩል ስለሆነ መፍቻ እንዳትጥልበት።

ሽማግሌዬ ጠዋት መድኃኒታቸውን ይዤ ስገባ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ቁጥሩ መጣ?» ሆኗል። ቆይ፣ ዶሮዋ እንደገና እዚያው ታቅፋለች፣ ሃያ አንድ ቀኗን ሳትጨርስ መቀመጫው አይነሳም አልኳቸው። መቼ እንደታቀፈች እማዬን ጠይቄ ነገርኳቸው። ግድግዳቸው ላይ ካለው የቀን መቁጠሪያ ፊት ወንበራቸውን አስጠግተው፣ በመሐል የልጃቸው ልደትና የዓይን ሐኪም ቀጠሮ እያለ፣ የሚመጣው ወር 9ኛ ቀን ላይ በቀይ እስክሪብቶ ዶሮ ሣሉ።

እማዬን ሳምልኝ፤ ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ደውሉልኝ።

ልጅህ