ከባሕር ማዶ ለጋሼ የተላከ ደብዳቤ፦ ስለ አሮጌ ጠመንጃ ሰብሳቢዎች

አሮጌ የጦር ጠመንጃ መሰብሰብና መተኮስ በአሜሪካ የራሱ ሕግ፣ የራሱ ገበያና የራሱ ሕመምተኞች ያሉት የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ነው። ሰብሳቢው አብዛኛውን ጊዜ ለጡረታ የተቃረበ፣ ቦርጭ ያወጣ፣ አንድም ቀን ሳይዘምት ሁለቱን የዓለም ጦርነቶች ከነአውደ ውጊያቸው የሚተነትን ሰው ነው። ደመኛ የለበትም፤ የወሰን ክርክር የለበትም፤ ጋሼ እንደሚጠረጥሩት ጫካ የመግባት ሐሳብም የለውም። ከጎረቤቱ ጋር ቢጋጭ በሣር አጨዳ ነው። ያም ሆኖ ምድር ቤቱ ሲከፈት ግማሽ ሻምበል ያስታጥቃል።

የአሜሪካ ፌዴራላዊ ሕግ ጠመንጃን በዕድሜው ይለያል። በ1968 እ.ኤ.አ. የወጣው የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ እስከ 1898 ድረስ የተሠራውን ጥንታዊ ዕቃ ስለሚለው፣ እንዲህ ያለው ጠመንጃ በፌዴራሉ ዓይን ጦር መሣሪያ አይደለም፤ እንደ ጫማ በካርቶን ታሽጎ ደጃፍ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ከዚያ ወዲህ የተሠራው ደግሞ 50 ዓመት ከሞላውና የቀድሞ መልኩን ከያዘ “ብርቅና ቅርስ” በሚባለው መደብ ይገባል። ለዚህ መደብ የሰብሳቢ ፈቃድ አለ፤ ክፍያው ለሦስት ዓመት 30 ዶላር ነው። ፈቃድ ያለው ሰው በሌላ ክፍለ ግዛት የገዛው ጠመንጃ ቤቱ ድረስ ይመጣለታል፤ እሱም የገባውንና የወጣውን ሁሉ ከነቁጥሩ በመዝገብ ያሰፍራል። እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት በዚህ ላይ የራሱን ይጨምራል፤ ካሊፎርኒያና ኒው ዮርክ ብዙ ይጨምራሉ። የፈረንሳዩ ውጅግራ ሞዴሉ የ1874 ስለሆነ በጥንታዊው መደብ ይገባል። ስለዚህ ጋሼ በየፋሲካው ወልውለው ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉት፣ ቀበሌው በሙሉ የሚያከብረው ውጅግራ፣ እዚህ ቢመጣ ጠመንጃ ተብሎ አይጠራም። ነገሩ የአሜሪካ ሕግ እንጂ የቤተሰቡ አስተያየት አለመሆኑ ይታወቅ።

ሱሱ የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። የአውሮፓ መንግሥታት መጋዘናቸውን ሲያራግፉ ሞዜሩም ኤንፊልዱም ካርካኖውም በመርከብ ተጭኖ አሜሪካ ገባ፤ በመጽሔት ማስታወቂያ እየተመረጠ በፖስታ ይታዘዝ ነበር። በ1963 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የተገደሉበት ጠመንጃ በዚህ መንገድ የተገዛ የኢጣሊያ ካርካኖ ነው፤ ዋጋው ከነማነጣጠሪያ መነጽሩ 19 ዶላር ከ95 ሳንቲም። በ1928 ዓ.ም. አርበኞቻችን ላይ ሲተኮስ የነበረው የዚሁ ዘር ነው። በፖስታ የሚደረገውን ሽያጭ የዘጋው ከላይ የተጠቀሰው የ1968ቱ ሕግ ነው። ሁለተኛው ጎርፍ ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ መጣ፦ ሞሲን ናጋንት በሣጥን በሣጥን ተራገፈ፤ ከሃያ ዓመት በፊት ከ100 ዶላር ባነሰ ይገኝ ነበር። ሞሲኑ የሚመጣው ኮስሞሊን በሚባል ወፍራም ቡናማ ቅባት ተለውሶ ነው። ቅባቱ ከእንጨቱ ስንጥቅ፣ ከመቀርቀሪያው ሆድ፣ ከአፈሙዙ ውስጥ እየተጠረገ አያልቅም። ልምድ ያላቸው ጠመንጃውን በጥቁር የቆሻሻ ላስቲክ ጠቅልለው በሐምሌ ፀሐይ መኪና ውስጥ ይተዉታል፤ ቅባቱ ቀልጦ ይንጠፈጠፋል። ለመኪናው ሽታ መድኃኒት አልተገኘለትም።

ሰብሳቢ ጠመንጃ ሲሰጡት አያነጣጥርም። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ አጉሊ መስታወት አውጥቶ ቁጥር ይፈልጋል። በመቀርቀሪያው፣ በአፈሙዙና በሰደፉ ላይ የተቀረጸው ቁጥር አንድ ከሆነ ፊቱ ይበራል፤ ከተለያየ እንደ ተታለለ ባል ይጠቁራል። ተኩሶ የሚመታ ጠመንጃ ቁጥሩ ካልገጠመ ረክሶ ይሸጣል፤ ቁጥሩ የገጠመ ሆኖ ተኩሶ የማይመታ ግን ጨረታ ያስነሣል። ማኅተሙም እንዲሁ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ፋብሪካ ሁሉ መሣሪያ ይሠራ ስለ ነበር ኤም 1 ካርባይን የሚባለውን ቀላል ጠመንጃ አይቢኤምም፣ አንደርውድ የተባለው የጽሕፈት መኪና ኩባንያም፣ ሮክ ኦላ የተባለው የሳንቲም ሙዚቃ ሣጥን ሠሪም አምርተውታል። ሲንጀር፣ ያው የአገራችን ልብስ ሰፊ ሁሉ በእግሩ የሚረግጠው ሲንጀር፣ 500 ሽጉጥ ብቻ ሠርቶ ተወው፤ ዛሬ የሲንጀር ስም ያለበት ሽጉጥ ዋጋው ቤት ያስይዛል። በዚህ ማኅበር ትልቁ ኃጢአት እንጨቱን ቆርጦ፣ በአሸዋ ወረቀት ፍቆ፣ ቫርኒሽ መቀባት ነው። ጋሼ ውጅግራቸውን የሚወለውሉበትን መንገድ አንድ ሰብሳቢ ቢያይ ያለቅሳል።

በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ መጋዘን የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች በብዛት እዚህ ገብተው ተሸጠዋል፦ ውጅግራ፣ ቬተርሊ፣ ካርካኖ፣ የቤልጅግ ሞዜር፣ አሜሪካ ራሷ የሰጠችው ካርባይን ሳይቀር። ሕጉ አስመጪው ስሙን ብረቱ ላይ እንዲቀርጽ ስለሚያስገድድ በሌላ ጊዜ ይህ ጽሑፍ ዋጋ ይቀንሳል። የኢትዮጵያው ግን ለየት ያለ ነው። ሞዜሩ ላይ የይሁዳ አንበሳ ከተገኘ ገዢው እጁ ይንቀጠቀጣል። የተሰነጠቀ ሰደፍ በጠፍር ተጠፍሮ፣ በቆርቆሮ ተለብጦ፣ በሚስማር ተመትቶ ሲመጣ ሰብሳቢው ጥገናውን እንደ ንዋየ ቅድሳት ያገላብጠዋል። አንድ ሰብሳቢ የዚህ ደብዳቤ ጸሐፊ ሐበሻ መሆኑን ሰምቶ ስለ ጠፍሩ ማብራሪያ ቢጠይቀው፣ የበሬ ቆዳ ነው ከማለት ያለፈ መልስ አላገኘም። የኢጣሊያ ጦር በዓድዋ በብዛት የታጠቀው ቬተርሊ እንደ ነበር እውነት ነው፤ ገዢው ሁሉ ግን የእኔው ቬተርሊ በ1888 ዓ.ም. እዚያው ተማርኳል ብሎ ያምናል። እምነቱ ሁሉ ቢደመር ቬተርሊው በዓድዋ የኢጣሊያ አዛዥ ከነበረው ከባራቲየሪ ሠራዊት ይበልጣል። ከእነዚህ መካከል በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በ6.5 ሚሊ ሜትር ጥይት እንዲተኩስ የተለወጠው ቬተርሊ ግድግዳ ላይ ቢውል ይሻላል። አሠራሩ ለጥቁር ባሩድ የታሰበ ስለ ሆነ የአዲሱን ጥይት ግፊት ይችላል ብሎ ፊትን ማስጠጋት ድፍረት ነው።

ለተኩሱ የታወቀው ቦታ በኦሃዮ፣ በኤሪ ሐይቅ ዳር ያለው ካምፕ ፔሪ ነው። በዚያ ጋራንድ በሚባለው የቀድሞ የአሜሪካ ጦር ጠመንጃ ብቻ የሚደረግ ውድድር አለ፤ ጋራንዱንም ራሱ ለሲቪል ተኳሾች የሚሸጥ፣ የአሜሪካ ምክር ቤት በ1996 እ.ኤ.አ. ሥራውን ከጦር ሠራዊቱ ወስዶ የሰጠው ተቋም አለ። ጋራንድ ስምንት ጥይት በአንድ ማቀፊያ ይጎርሳል፤ ስምንተኛው ሲተኮስ ማቀፊያው ጥርት ያለ የብረት ድምፅ አሰምቶ ይፈናጠራል። ጥይቱን የሚያጎርሰው አውራ ጣት ነው። ማቀፊያው ቦታውን እንደ ያዘ መቀርቀሪያው ወደ ፊት ይወረወራል፤ ጣቱን ያዘገየ ሰው ጥፍሩ ለወር ይጠቁራል። ሕመሙ በጠመንጃው ስም ይጠራል፤ ያልደረሰበት ሰው ገና ጀማሪ ነው ይባላል። ሰው ወደ ዒላማው ሲሄድ ተኩስ ቁም ተብሎ ይለፈፋል፤ በዚያን ጊዜ ጠመንጃ የነካ ሰው ሽማግሌም ቢሆን እንደ ተማሪ ይገሠጻል፣ ወደ ቤቱም ይሸኛል። ለደስታ ወደ ሰማይ መተኮስ የሚባል ነገር እዚህ በፖሊስ ይጠናቀቃል።

ወጪው ጠመንጃው ላይ አያበቃም። የውጅግራ ጥይት በገበያ እንደ ልብ ስለማይገኝ ሰብሳቢው እርሳስ አቅልጦ፣ ቀለህ ለቅሞ፣ ባሩድ መዝኖ ራሱ ይሞላል። ርካሹ የድሮ ጥይት ሌላ ጣጣ አለው። በቀለሁ ቂጥ ያለው መለኮሻ ሲነድ በአፈሙዙ ውስጥ ጨው ይተዋል፤ ጨው እርጥበት ይስባል፤ ጠመንጃውም በጥቂት ቀን ይዝጋል። ጨውን ዘይት አያሟሟውም፣ ውሃ እንጂ። ስለዚህ ሰብሳቢው ከተኩስ ሲመለስ ውሃ አፍልቶ በማንቆርቆሪያ በአፈሙዙ ያንቆረቁራል፣ በጨርቅ ያደርቃል፣ ከዚያ በኋላ ነው ዘይት የሚቀባው። ማንቆርቆሪያው አብዛኛውን ጊዜ የሚስቱ የሻይ ማንቆርቆሪያ ስለሆነ ሥራው የሚከናወነው እሷ ቤት በሌለችበት ሰዓት ነው።