ልጅ ያቦካው ለራት ይበቃ እንደሆነ፦ የአንድ አባባል የወጥ ቤት ፍተሻ

የችግሩ አመጣጥ

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለው አባባል ለዘመናት ያለ ይግባኝ ሲሠራበት ኖሯል። አለቃ አዲስ ተቀጣሪን ዝም ሲያሰኝ፣ ታላቅ ወንድም ታናሹን ከጨዋታ ሲያስወጣ፣ ሽማግሌ የጎረምሳን ሐሳብ ሲያጣጥል የሚመዘዘው ይኸው ነው። ይሁን እንጂ ከጠቃሾቹ ብዙዎቹ ቡኮ በእጃቸው ነክተው የማያውቁ ናቸው። ልጅ አስቦክቶ፣ እስከ ራት ጠብቆ፣ መብቃት አለመብቃቱን በሚዛን ያረጋገጠ ሰው እስካሁን አላጋጠመንም። ይህን ጉድለት ለመሙላት ነሐሴ 12 ቀን፣ በቡሄ ዋዜማ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ በጸሐፊው ወጥ ቤት ጥናት ተካሂዷል።

የቃላት ፍች

«በቃ» አንደኛ፣ ለሁሉም ተዳረሰ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ «የበቁ አባት» እንደሚባለው፣ ለክብር ደረሰ ማለት ነው። ሦስተኛው «በቃ!» ነው፤ በጥናቱ ዕለት ከወጥ ቤቱ ደጋግሞ የተሰማው ይህ ሦስተኛው ነው። «ለራት» የሚለውም ገደብ ልብ ይባል፤ አባባሉ ስለ ቁርስና ስለ መክሰስ ትንፍሽ አላለም። ከሁሉም በላይ ግን «ያቦካው» የሚለው ግስ ያለፈ ድርጊት ነው። ቡሃቃው አስቀድሞ ለልጁ ተሰጥቷል ማለት ነው። ማን ሰጠው የሚለውን አባባሉ በዘዴ አልፎታል።

የዕለቱ አመራረጥ

ቡሄ፣ ማለትም ደብረ ታቦር፣ ነሐሴ 13 ቀን ይውላል። ክርስቶስ በታቦር ተራራ ብርሃኑን በገለጠ ጊዜ እረኞች ሌሊቱ ቀን መስሏቸው በሜዳ ቆዩ፤ ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ፈለጓቸው ይላል ትውፊቱ። ሙልሙል እንግዲህ ከጥንቱም የልጆች ዳቦ ነው። ወንዶች ልጆች በዱላቸው መሬት እየመቱ «ሆያ ሆዬ» ሲሉ ደጅ ለደጅ ይዞራሉ፤ ባለቤቱም ሙልሙል ያወጣላቸዋል። ዕለቱ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ባለው የፍልሰታ ጾም ውስጥ ስለሚገባ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይነኩም። ይህ የተደነገገው ለነፍስ ቢሆንም ጥናቱን ከእንቁላል ቅርፊት ታድጎታል።

ተሳታፊዎችና ቁሳቁስ

ተሳታፊዎቹ ሦስት ናቸው፦ የ9 ዓመቱ ትልቁ፣ የ6 ዓመቷ መካከለኛዋ እና የ3 ዓመቱ ትንሹ። የበላይ ገምጋሚዋ የጸሐፊው እናት ሲሆኑ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሂደቱን በዝምታ ተከታትለዋል። ዝምታቸው እንደ ድጋፍ እንዳይቆጠር አስቀድመው አሳስበዋል።

የቀረበው 2 ኪሎ ፉርኖ ዱቄት፣ 1.2 ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ 2 የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ ጨው፣ ጥቁር አዝሙድና ጥቂት ዘይት ነው። ውሃው ለብ ማለቱ የሚለካው በእጅ አንጓ ላይ ጠብ በማድረግ ነው፤ ካቃጠለ እርሾውንም ያቃጥለዋል። ትንሹ ልኬታውን በአፉ አካሂዷል።

ሂደት

የስንዴ ዱቄት ውሃ አግኝቶ ሲታሽ ግሉተን የሚባል የሚለጠጥ መረብ ይሠራል፤ እርሾው የሚያወጣውን አየር አፍኖ የሚይዘው ይህ መረብ ነው። ጤፍ ግሉተን ስለሌለው እንጀራ ዓይን ያወጣል እንጂ እንደ ዳቦ አያብጥም። ስለዚህ የስንዴ ሊጥ 10 ደቂቃ ያህል መታሸት፣ መጎተት፣ መደብደብ አለበት። እዚህ ላይ ልጅ ከትልቅ ሰው እንደሚሻል ታውቋል። ትልቁ ሊጡን የክፍል ጓደኛው ስም እየጠራ በቡጢ መትቶታል፤ ሊጡም ለስልሷል።

ቀጥሎ ኩፍ እስኪል መጠበቅ ነው። የአዲስ አበባ ከፍታ ከ2,300 ሜትር በላይ በመሆኑ አየሩ ሳስቶ ሊጡን ቶሎ ያስነሣዋል፤ የነሐሴ ብርድ ደግሞ መልሶ ያስተኛዋል። በሁለቱ መካከል ለመሸምገል ቡሃቃው በጋቢ ተጠቀለለ። መካከለኛዋ «አሞታል እንዴ?» ስትል ጠየቀች። ከዚያ በኋላ በ90 ደቂቃ ውስጥ ጋቢውን 41 ጊዜ ገልጣ ጠይቃዋለች። እያንዳንዱ ጥየቃ ብርድ ያስገባ ስለነበር፣ በሽተኛ አዘውትሮ መጠየቅ ሁልጊዜ ደግ እንዳልሆነ ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

ጸሐፊው ጊዜውን ለማሳጠር ስለ እርሾ አስረዳ። እርሾ ስኳር እየበላ አየር የሚተነፍስ ጥቃቅን ፍጥረት ነው፤ ማብላላት የሕያዋን ሥራ መሆኑንም ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ከ1857 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ባቀረባቸው ጽሑፎች አሳይቷል። ይህ ማብራሪያ የጥናቱ ትልቁ ስሕተት ነበር። መካከለኛዋ «ሕይወት ካለው ለምን ምጣድ ላይ እናወጣዋለን?» ብላ ቡሃቃውን አቅፋ ተቀመጠች። ጉዳዩ ለበላይ ገምጋሚዋ ቀረበ። «አንተም አፍህን ያዝ፣ እሷም ቡሃቃውን ትልቀቅ» ሲሉ ወሰኑ።

ኩፍ ያለው ሊጥ አየሩን እንዲተነፍስ መጠፍጠፍ አለበት። ይህ ለትንሹ ተሰጠ። በሙሉ ብቃት የፈጸመው ብቸኛ ተግባር ይኸው ነው።

ውጤት

በስሌት 3.2 ኪሎ ሊጥ ይጠበቅ ነበር። ምጣዱ ዘንድ የደረሰው 2.7 ኪሎ ነው። የጎደለው ግማሽ ኪሎ በከፊል ከወለሉ፣ በከፊል ከመካከለኛዋ ሹሩባ ተገኝቷል፤ የቀረው በትንሹ ሆድ ውስጥ መሆኑን ሁኔታዎች ይጠቁማሉ።

ሙልሙል ወጉ በመዳፍ እየተድቦለቦለ ረዘም ማለት ነው። ከ26ቱ ዳቦዎች 11ዱ ሙልሙል፣ 6ቱ ድቡልቡል፣ 4ቱ እባብ፣ 3ቱ መኪና፣ 1ዱ ዳይኖሰር ሆነዋል። የቀረውን አንዱን ትልቁ «ሀ» አድርጎ ቀረጸው። ኮባ በተነጠፈበት ምጣድ ላይ ሲጋገር ግን አፉ አብጦ ገጠመ፤ «ሀ» ሆኖ ገብቶ «ዐ» ሆኖ ወጣ። ፊደል ይቀነስ አይቀነስ እያሉ ለሚከራከሩ ሊቃውንት፣ ምጣድ የራሱን አቋም እንደያዘ በትሕትና እናሳውቃለን።

ኮባው ጠርዙ ጠቁሮ ሲጨማደድ፣ ቤቱን የአዝሙድ ሽታ ሲሞላው፣ ገምጋሚዋ ከበርጩማቸው ተነሡ። አንዱን ዳቦ ገልብጠው ሆዱን በጣታቸው አንኳኩ። ከበሮ ከበሮ አለ። «በስሏል» አሉ፤ በዕለቱ ከሰጡት አስተያየት ቀናው ይህ ነው።

የክምችቱ እንቅስቃሴ እንደሚከተለው ነው። ልጆቹ በትኩሱ 6 በሉ። ጸሐፊውና ገምጋሚዋ ለናሙና አንዳንድ ወሰዱ። ለጎረቤት 4 ተላከ። 14 ቀረ። ማምሻውን የመጀመሪያው የሆያ ሆዬ ቡድን መጣ፤ 6 ልጆች፣ 6 ሙልሙል። አውራጃቸው ዳቦውን አገላብጦ አየና «ጋሼ፣ ብር ነው እንጂ» አለ፤ ቢሆንም በዚያው ገምጦታል። ሁለተኛው ቡድን 5 ነበር፤ የተረፈውን ሙልሙል፣ እባቡንና መኪናውን ይዞ ሄደ። ሦስተኛው ቡድን ሲደርስ 3 ልጆች በር ላይ ቆመው፣ መሶቡ ውስጥ አንድ ድቡልቡል፣ «ዐ» እና ዳይኖሰሩ ቀርተዋል። ዳይኖሰሩን ትንሹ ከሰዓት በኋላ ሙሉ በብብቱ ይዞት ስለዋለ ጭራው የለም። ሦስተኛው ልጅ ባዶ እጁን እንደዘረጋ ነው። ትንሹ ዳይኖሰሩን አየው፤ ልጁን አየው፤ ሰጠው።

«ይሄ ምንድነው?» አለ ልጁ።

«ሙልሙል» አለ ትንሹ።

ውይይት

ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ራት ቀረበ። ሽሮ በእንጀራ ነበር። የተረፈው ዳቦ ብዛት ዜሮ በመሆኑ አባባሉ ያለ አንዳች ጥርጥር ተረጋግጧል።

ሆኖም አንድ እንቅፋት አለ። የጥናት ደንብ ማነጻጸሪያ ስለሚጠይቅ፣ ትልቅ ሰው ያቦካው ሙልሙልስ ለራት ይበቃ ነበር ወይ ተብለው ገምጋሚዋ ተጠየቁ። ከ50 ዓመት በላይ በየቡሄው ጋግረዋል፤ ዱቄታቸውም ከ2 ኪሎ የላቀ ነበር። አንድም ዓመት አልተረፈም። እንግዲህ ያቦካው ልጅ ይሁን ትልቅ ሰው፣ ራት ላይ የሚቀረው ያው ዜሮ ከሆነ፣ አባባሉ ጥፋቱን ትክክል አግኝቶ ጥፋተኛውን ስቷል ማለት ነው። ይህን ድምዳሜ ጸሐፊው በኩራት ለማዕዱ አቀረበ።

ገምጋሚዋ ጉርሻቸውን ውጠው፦ «ድሮስ ለራት ማን ጋገረው?» አሉ።

ቀጣዩ ጥናት ለመጪው ነሐሴ 12 በ3 ኪሎ ዱቄት ታቅዷል። ትንሹ ጭራው የማይበላ ዳይኖሰር እንደሚሠራ ቃል ገብቷል።