ሐተታ በእንተ ፍልሰት ዘእንበለ ተግባር

ሰው ተወልዶ ካደገበት ቀዬ ተነሥቶ፥ በሚሄድበት አገር የሚጠብቀው እርሻ ወይም ሹመት ወይም ደመወዝ ሳይኖረው፥ የሚያድርበትን ቤት እንኳ በወሬ ብቻ እያወቀ፥ ጓዙን ጠቅልሎ የሚወጣበት ሥርዐት በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የተለመደ ሆኖ ሳለ፥ ሊቃውንታችን ስለ ነገሥታት የዘር ሐረግ፥ ስለ ባሕረ ሐሳብና ስለ ዜማ ምልክት ብዙ ብራና ሲፈጁ ለዚህ ጉዳይ አንዲት ቅጠል አለማዋላቸው፥ ምናልባት እነርሱ ራሳቸው በዚሁ ሥርዐት ያለፉ ስለ ሆነ ለመጻፍ ዐፍረው ይሆናል። ይህች ሐተታ ያን ጉድለት በትሕትና ትሞላ ዘንድ ተጻፈች። ለምርመራውም የላስታን ደጋ መርጠናል፤ ምድሩ ከእህል ይልቅ ድንጋይን በልግስና የሚሰጥ በመሆኑ፥ ከዚያ ለመውጣት የሚያስብ ሰው ምክንያት ፍለጋ አይቸገርም።

በላስታ ሥራ መጥፋት የጀመረው በማን ዘመን ነው ቢሉ፥ ትውፊቱ አንድ ፍንጭ ይሰጣል። ቅዱስ ላሊበላ በ12ኛው መቶ ዓመት ማብቂያና በ13ኛው መባቻ ነግሦ 11ዱን አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ሲያሳንጽ፥ ሰዎች ቀን ከሚጠርቡት እጥፍ አድርገው መላእክት ሌሊት ይጠርቡ ነበር ይባላል። ምእመናን ይህን ሲሰሙ ያመሰግናሉ፤ ተገቢም ነው። ለቀን ሠራተኛው ግን ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው፤ ማታ ጥሎት የሄደው አለት ጧት ሲመለስ ተጠርቦ ይጠብቀዋል፥ ለዘመን ይበቃኛል ያለው ሥራ በጥቂት ጊዜ ያልቃል፥ ከአንዱ ቤተ መቅደስ ወደ ሌላው ሲዛወር ዐሥራ አንደኛው ይፈጸምበታል። በዚህ ዓይነት የጠራቢው ልጅ የአባቱን መሮ ወርሶ፥ የሚጠረብ አለት ሞልቶ ተርፎ፥ ጥረብ የሚለው አጥቶ ቀረ። ከተሳፋሪዎቻችን የመጀመሪያው እርሱ ሳይሆን አልቀረም።

ከዚያው ከ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በኋላ የዛጉዬ ዘመን አልፎ መንግሥቱ በይኩኖ አምላክ እጅ ወደ ሸዋ ሄደ። ሊቃውንት ይህን ፍልሰት እንዴት እንደሚጠሩት ሲከራከሩ ኖረዋል፤ ለእኛ የሚጠቅመን ነጥብ ግን አንድ ነው፤ ከላስታ ወደ ሸዋ ከሄዱት ሁሉ ሥራውን ይዞ የሄደው ዘውዱ ብቻ ነው። ዋግሹም ጎበዜም ኋላ ከዋግና ከላስታ ተነሥተው ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው በ1860 ዓ.ም. ሥራ አገኙ፤ ዳሩ ግን በሐምሌ 1863 ዓ.ም. በዐድዋ አጠገብ በትግራዩ ደጃዝማች ካሣ ድል ስለ ሆኑ፥ በዛሬው አነጋገር የሙከራ ጊዜያቸውን ሳይጨርሱ ተሰናበቱ ለማለት ይቻላል።

ይህን ፍልሰት ወደ ፍጹምነት ያደረሰው ግን ቤተ መንግሥት ሳይሆን የአብነት ትምህርት ቤት ነው። ከላስታ ጎን ያለችው ዋድላ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር በቅኔ ቤትነት ስትጠራ የኖረች ናት፤ ሰለልኩላም በቅዳሴ ከደብረ ዓባይ ጋር ትወዳደራለች፤ ስለዚህ የላስታ ልጅ ለመማር ብቻ ቢሆን ኖሮ ሩቅ መሄድ አያሻውም ነበር። ይሁን እንጂ እናቱ ስንቅ ልታቀብለው በምትችልበት ርቀት የተቀመጠ ተማሪ ትምህርት አይዘልቀውም የሚል የቆየ እምነት ስላለ፥ የዋድላው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጎጃም ይወርዳል፥ የጎጃሙም ዓባይን ተሻግሮ ወደ ዋድላ ይወጣል፤ ሁለቱ በመንገድ ቢገናኙም ሰላምታ ተለዋውጠው ይተላለፋሉ እንጂ፥ ወንድሜ፥ አንተ የምትሄድበትን እኔ ትቼው መጣሁ፥ የሚባባሉ አይደሉም። አንዳንዱማ አባቱ ፈልጎ እንዳይመልሰው ስሙን ለውጦ የትውልድ አገሩን ይደብቃል። ንብረቱ ደበሎ፥ አኩፋዳና የውሻ በትር ነው፤ ማደሪያው ከጓደኞቹ ጋር የቀለሳት ጎጆ ናት፤ ከትምህርቱ ሲነሣም በየደጁ ቆሞ በእንተ ስማ ለማርያም ይላል፥ ባለቤቲቱም ቁራሽ ወይም ቆሎ ታወጣለታለች። እንግዲህ ሥራ ፈት እንዳይባል ቀኑን ሙሉ ይማራል፤ ተማሪ ብቻ እንዳይባል ለመምህሩ እንጨት ይለቅማል፥ ውሃ ይቀዳል፤ አገልጋይ እንዳይባል ደመወዝ የለውም፤ ለማኝ እንዳይባልም ነገ መሪጌታ ሆኖ ለምኖት የነበረውን መንደር ያስተምራል። ሕዝብ ሲቈጠር በየትኛው ዐምድ እንደሚጻፍ እስከ ዛሬ አልተወሰነም።

የመንደር ውሻ የቆሎ ተማሪን ስለ ምን ያሳድደዋል ቢሉ፥ እንግዳ ስለ ሆነ ነው። አንድም፥ ደበሎው የበግ ሽታ ስላለው ነው። አንድም፥ ውሻው ያችኑ ቁራሽ ሲጠብቅ የዋለ ስለ ሆነ በአንድ ክፍት ቦታ ላይ ሁለት አመልካች መቅረባቸውን ዐውቆ ነው። የኋለኛው ትርጓሜ ከርእሳችን ጋር ስለሚስማማ ይበልጣል።

ጎሕ ሳይቀድ በየደጁ እያዜሙ የሚለምኑትን፥ ሕዝቡ ላሊበላ ወይም አሚና የሚላቸውን ሰዎች እዚህ መጨመር ይገባል የሚሉ አሉ። ልመናውን ብንተው ሥጋ ደዌ ይይዘናል ብለው ያምናሉ እየተባለ የሚነገርላቸው እነዚህ ሰዎች ግን ሥራቸው ራሱ መሄድ ነውና ሥራ ሳይይዙ ሄዱ ሊባሉ አይችሉም፤ ከሐተታችን ወሰን ውጭ ናቸው።

ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ በድርቁ ጊዜ ደርግ ከወሎ፥ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው አንሥቶ ወደ መተከል፥ ወደ ጋምቤላ፥ ወደ ኢሉባቦር፥ ወደ ከፋና ወደ ወለጋ አጓጉዟል። በፈቃዱ የሚሄደው ሰው ሥራ ሳይጠብቀው ሲሄድ፥ በዚህኛው ሥራው ዱር ሆኖ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ያልተጠየቀው ሰውየው ነው። በወባና በድካም ያለቀው ብዙ ነው፤ በእግሩ ወደ ቀዬው የተመለሰም አለ። ይህ ክፍል በሽሙጥ የሚጻፍ ስላይደለ እናልፈዋለን።

እነዚያ ከአለት የታነጹት አብያተ ክርስቲያናት በ1970 ዓ.ም. መጨረሻ በዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ፥ የገጠሩ የላስታ ልጅ ሥራ ሳይይዝ የሚገባባት ቅርብ ከተማ አገኘ፤ እርሷም ላሊበላ ናት። እዚያ በደጀ ሰላሙ የእንግዳ ጫማ ይጠብቃል፥ ወደ አሸተን ማርያም የሚወጣ ፈረንጅ በበቅሎ ጭኖ ይስባል፥ አንደበቱ ሲፈታም ያስጎበኛል፤ ቅዱሱ ንጉሥ ያስጨረሰውን የድንጋይ ሥራ ልጆቹ በቃል ቀጠሉት። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ፥ በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ሲመጣ ግን ይህም ሥራ ቆመ። ከዚያ በኋላ ስለ ቤተ ጊዮርጊስ በጣልያንኛ ሊያስረዳ የሚችል ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ብሎኬት ሲያወርድ ቢገኝ፥ አሠሪው ስለ ድንጋይ የሚያውቅ ሠራተኛ በማግኘቱ ሊደሰት ይገባዋል።

ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ከ600 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ በወልድያ፥ በደሴና በኮምቦልቻ አልፎ፥ ጣርማ በር ላይ በተራራው ሆድ ውስጥ ገብቶ ወጥቶ፥ በደብረ ብርሃን በኩል ላምበረት መናኸሪያ ያደርሳል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 32 ማንም ኢትዮጵያዊ በፈለገው የአገሪቱ ክፍል የመዘዋወርና የመኖር ነጻነት እንዳለው ደንግጓል፤ አንቀጹ መሄድን እንጂ መድረሻን አይመለከትም፤ ላምበረት ላይም ሊቀበል አይወጣም። የሚቀበለው ዘመድ ነው። እርሱም ከዓመታት በፊት በዚያው መንገድ የመጣ የአጎት ልጅ ወይም የአባት የክርስትና ልጅ ሲሆን፥ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቶ በአንደኛው ሚስቱንና ልጆቹን፥ በሁለተኛው ደግሞ የላስታን ሕዝብ ያኖራል።

እንግዳው በመጣበት ማታ፥ ዐሳብህ ምንድን ነው፥ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ዘመዱ ስለ ዝናቡ፥ ስለ ገብሱና ስለ ሞቱት ሰዎች ይጠይቃል፤ የሞቱት ብዙ እንደ ሆነ ጥያቄው እስከ ሦስተኛው ቀን ይዘልቃል። በአራተኛው ቀን ጉሮሮውን ጠርጎ፥ «ታዲያ መቼ ትመለሳለህ?» በማለት ፈንታ «ታዲያ አገሩን እንዴት አየኸው?» ይለዋል። እንግዳውም የተጠየቀውን በሚገባ ስለሚያውቅ፥ «ደግ ነው፥ ጋሼ፤ እስቲ እንየው» ብሎ ይመልሳል፤ ትርጓሜውም አልመለስም ነው።

ከላስታ የሚነሣ ሰው ባዶ እጁን ዘመድ ቤት ስለማይገባ በጣሳ ነጭ ማር ይዞ ይመጣል፤ ይህም ማር በአዲስ አበባ ቤቶች የአነጋገር ሰዋስው ላይ የሚያመጣውን ለውጥ እስከ ዛሬ የመረመረው የለም። ጣሳው ሙሉ በሆነበት ወራት የቤቱ እመቤት፥ «ብላ እንጂ፥ ምነው እጅህን ሰበሰብህ!» ትለዋለች፤ ይህ ትእዛዝ አንቀጽ ነው። ማሩ ከጣሳው ወገብ ሲወርድ፥ «በላህ ወይ?» ትለዋለች፤ ይህ ጥያቄ ነው። ማሩ አልቆ ጣሳው የበርበሬ ማስቀመጫ ሲሆን፥ «ውጭ በልተህ መጥተሃል አይደል?» ትለዋለች፤ ይህ ደግሞ መልሱን በሆዱ ይዞ የእንግዳውን ሆድ ባዶ የሚያስቀር የጥያቄ ዓይነት ነው። «አዎ እትዬ፥ ጠግቤአለሁ» ይላል። በእመቤቲቱ መፍረድ አይገባም፤ የቤት ኪራይ ጨማሪው እርሷን ሲያነጋግር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በትእዛዝ አንቀጽ ነው።

ሥራ ፍለጋውም የራሱ ሥርዐት አለው። የነዋሪነት መታወቂያ የሌለውን ሰው የሚቀጥር ጥቂት ነው፤ መታወቂያ ለማውጣት ከለቀቀው ቀበሌ መሸኛ ማቅረብ አለበት፤ መሸኛውን ለማምጣት መመለስ አለበት፤ ለመመለስ የአውቶቡስ ዋጋ ያስፈልገዋል፤ የአውቶቡስ ዋጋ ደግሞ የሚገኘው ከሥራ ነው። ይህን ሁሉ ተወጥቶ በር ለመጠበቅ ቢቀርብ እንኳ ተያዥ አምጣ ይባላል፤ ተያዡም ደመወዝተኛ፥ ለሌላ ሰው ያልተያዘና የመጣውን ሰው የሚያምን መሆን ይገባዋል። ደመወዝተኛ በከተማው ሞልቷል፤ ለማንም ያልተያዘም አይጠፋም፤ ሦስተኛውን የሚያሟላው ዘመዱ ብቻ ነው፤ እርሱም ባለፈው ዓመት ለመጣው ተይዟል። ይህን ክበብ የነደፈው አእምሮ ተራ እንዳልነበረ መመስከር ይገባል።

ዲግሪ ያለው እንደ ሆነ ደግሞ አራት ኪሎ ሄዶ ጋዜጣ ተከራይቶ ያነባል፤ የሥራ ልምድ 0 ዓመት የሚል ማስታወቂያም ያገኛል። አባቶቻችን በግዕዝ አኃዝ ውስጥ ዜሮን ስላላኖሩ፥ በእነርሱ ዘመን እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሊጻፍ አይችልም ነበር፤ ምንም የሌለው ሰው ምንም እንደሌለው በአኃዝ ማረጋገጥ የተቻለው በእኛ ዘመን ነው። ሥራ ፈላጊው ባዶነቱ በመስፈርትነት ተጽፎ ሲያይ ልቡ ይሞላል፤ ማመልከቻ ወደሚገባበት ግቢ ሲደርስ ግን ሰልፉ አጥሩን ዞሮ ስለሚጠብቀው፥ 0 ያላት አገር ምን ያህል ባለጸጋ እንደ ሆነች ይረዳል። የቆሎ ተማሪው በሦስት ቃል ይፈጽመው የነበረውን ልመና እርሱ በሦስት ገጽ ሲቪ ይጽፈዋል፤ ቁራሽ የምታወጣ ባለቤትም ስለሌለች፥ ከተመረጡ እንደውላለን የሚል ቃል ይዞ ይመለሳል። በዚህ ረገድ የጥንቱ መንገድ የተሻለ ነበር፤ ቢያንስ ውሻው ወዲያው መልስ ይሰጥ ነበር።

በመጨረሻ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው የጥበቃ ሥራ ነው። ያን ዕለት ማታ ለእናቱ ደውሎ ሥራ መያዙን ያበሥራታል፤ «ምን ሥራ ነው፥ ልጄ?» ስትለው፥ «ቢሮ ነው፥ እማዬ» ይላታል። ይህ ሐሰት ነው የሚሉ አሉ። እኛ ግን ነገሩን መርምረን፥ በሩ የሕንፃው አካል እንደ ሆነ፥ ሕንፃውም በእርግጥ ቢሮ እንደ ሆነ ስላረጋገጥን፥ ቃሉ ከእውነት አልራቀም ብለናል። የሆነው ሆኖ ወሬው በነጋታው በመንደሩ ቡና ላይ ይፈላል፤ በሦስተኛው ጀበና ላይ ልጁ የቢሮው ሹም ይሆናል፤ ታናሽ ወንድሙም የማር ጣሳ ይዞ ይነሣል።

አንድ እንዲህ ያለ ታናሽ ላምበረት በደረሰ በማግሥቱ ታላቁን የእድር ለቅሶ ገጠመው። ሕንፃው ተተኪ ሳይቆም በሩን መልቀቅ ስለማይፈቅድ፥ ታላቁ ካፖርቱን አውልቆ ለታናሹ አለበሰውና በትሩን አስይዞት ወደ ለቅሶው ሄደ። ስለዚህ ታናሹ ከተማ በገባ በሁለተኛው ቀን፥ ያለ መሸኛ፥ ያለ መታወቂያና ያለ ተያዥ ሙሉ የሥራ ቀን ሠራ። ይህ ሰው ሥራ ሳይይዙ ከመጡት ይቈጠር ወይስ ይዘው ከመጡት በሚለው ላይ ከፍ ያለ ክርክር ተደርጓል፤ የዕለቱ ደመወዝ ለታላቁ በመከፈሉ ሁለቱም ወገኖች ለጊዜው ነገሩን በይደር አቆይተውታል።