አስር ሳልሳ

የሰፈሬ ስም ራሱ ኪሎ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ አሜሪካኖች ፓውንድ የሚሉት ነገር እስከ ዛሬ አልተዋሐደኝም። «ሙዝ 59 ሳንቲም» የሚል አይቼ ደስ ብሎኝ ዘለላውን ሳነሳ፣ ለካ የፓውንድ ዋጋ ኖሯል፤ አንድ ኪሎ ለመሙላት ሁለት ፓውንድና ምራቂ ያስፈልጋል። እሱስ ቀላሉ ነው።

በ2006 ዓ.ም. ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የአክስቴ ልጅ ቤት በገባሁ በሳምንቱ «ለፓስታው ሳልሳ አልቆብኛል፤ እዚህ ታች ሱፐርማርኬት ብቅ በልልኝ» ብላ ላከችኝ። መደርደሪያው ላይ ቢጫ ወረቀት ተለጥፏል፦ «10 በ10 ዶላር»። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል፦ «የአንዱ መደበኛ ዋጋ 1.69»።

እኔ ያደግሁት አራት ኪሎ ነው። ወደ ግንፍሌ በሚያወርደው መንገድ ዳር፣ ጉሊት የሚቸረችሩ እናቶች ቲማቲም የሚሸጡት በመደብ ነበር፤ ቀዩን ከላይ፣ የተጨማደደውን ከታች አድርገው ይቆልሉታል። ከመደብ አንዱን መዝዞ «ይቺን ብቻ ይስጡኝ» ማለት ነውር ነው፤ ቁልሉም ይናዳል፣ ባለቤቲቱም ይቆጣሉ። ስለዚህ አስሩንም ሳልሳ ታቀፍኩ። በዚያው 1.99 የተጻፈበት ሳሙና ደረብኩና ሰልፍ ያዝኩ። ሒሳቤን ጨርሻለሁ፤ 11.99። ያለችኝን 12 ዶላር ጨብጬ፣ የአንድ ሳንቲሟን መልስ ለገንዘብ ተቀባይዋ ልጅ ትቼላት ልሄድ ነው።

«12.16» አለችኝ።

ለካ ሳልሳው ምግብ ስለሆነ ታክስ የለውም፤ ሳሙናው ግን የሜሪላንድ 6 በመቶ አለበት። ለፌስታሏ ደግሞ ሞንጎመሪ ካውንቲ ያኔ 5 ሳንቲም ያስከፍል ነበር። መደርደሪያው ላይ ይኼ ሁሉ ወሬው የለም። እርግጥ ፒያሳ ምግብ ቤት ገብቶ «ዋጋው ቫትን አይጨምርም» የምትለዋን ከሜኑ ግርጌ ያነበበ ሰው መደንገጥ አልነበረበትም፤ ያውም የእኛው 15 በመቶ ነው። እኔ ግን ደነገጥኩ። «መጨረሻው ስንት ነው?» የምትለው የሰፈሬ ጥያቄ ምላሴ ጫፍ ድረስ መጥታ ተመለሰች። ከኋላዬ የተሰለፉ አንዲት ባለ ሽበት እናት ባለ 25 ሳንቲም ወርወር አደረጉልኝ፤ መልሷን 9 ሳንቲም ልስጣቸው ብል በእጃቸው «ሂድ፣ ሂድ» አሉኝ።

ደጅ ወጥቼ ደረሰኙን ሳየው፣ ግርጌው ላይ «ዛሬ 6.90 ዶላር ቆጥበዋል» ይላል። ኪሴን ዳበስኩ። የሰው 9 ሳንቲም ብቻ ናት ያለችው።

የአክስቴ ልጅ አስሩን ቆርቆሮ ጠረጴዛው ላይ ስደረድር አፏን ይዛ ቆመች።

«አንዱንም እኮ በአንድ ዶላር ይሸጡልህ ነበር!»

«ታዲያ አስር ብለው ለምን ጻፉ?»

«እንዳንተ ያለው እንዲመጣላቸው ነዋ!» ብላ ስትስቅ ሽንኩርቱ አረረ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እንቁላል ላከችኝ። እንደ ሕፃን ልጅ ገንዘቡን መዳፌ ላይ ቆጥራ፣ አመልካች ጣቷን ቀስራ «አንድ ካርቶን። አንድ!» አለችኝ። ስደርስ እንቁላሉ ያለበት ፍሪጅ በር ላይ ያ ቢጫ ወረቀት ተለጥፏል፦ «አንድ ሲገዙ አንድ በነፃ»።

እዚያው ቆሜ ደወልኩላት።