አንድ ሰው ቀረን፦ ከጅማ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ቦንጋ የመጓጓዣ አመራረጥ ጥናት

ቦንጋ የካፋ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ርዕሰ መስተዳድር የሚቀመጠው እዚያው ነው። ብሔራዊ የቡና ሙዚየም አላት፣ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. የመዘገበው ደን ከቧታል። አውሮፕላን የምትቀበለው ግን ጅማ ላይ ነው። ይህ ጥናት በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን 110 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ይመለከታል፤ በተለይም መንገደኛው «በምን ልሂድ?» ብሎ የሚጠይቅበትንና መልሱን ሌላ ሰው የሚሰጥበትን ሂደት።

ርቀቱ ብቻውን ብርቅ አይደለም። ጀርመን ውስጥ «ፍራንክፈርት ሃን» እየተባለ ትኬት ሲቆረጥለት የኖረው ማረፊያ ከፍራንክፈርት 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በዚህ በኩል ጅማ ጨዋ ናት። ማረፊያዋ በአባ ጅፋር ስም ይጠራል። አባ ጅፋር የጅማ እንጂ የካፋ ንጉሥ እንዳልነበሩ የታወቀ ስለሆነ፣ መንገደኛው ገና ትኬቱን ሲያነብ ማስጠንቀቂያው ደርሶታል።

ከታሪክ አንጻር ሲታይ ወደ ቦንጋ መግባት ቀላል የነበረበት ዘመን የለም። የካፋ መንግሥት ድንበሩን በጥልቅ ቦይ አጥሮ፣ በሮቹን በዘበኛ አስጠብቆ፣ የጎጀብን ወንዝ ከፊቱ አድርጎ የሚኖር መንግሥት ነበር። ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ በ1897 እ.ኤ.አ. ከተማረኩ በኋላ ቦዩ ሥራ ፈታ፤ አገልግሎቱን ዛሬ የሚሰጠው መናኸሪያው ነው። ፈረንሳዊው አሳሽ አንቷን ዳባዲ በ1843 እ.ኤ.አ. ቦንጋን ያየው የሊሙ ኢናርያው ንጉሥ አባ ባግቦ የካፋ ልዕልት ለማምጣት ከላኳቸው የሙሽራ አጃቢዎች ጋር ተቀላቅሎ ነው። «የሚሄድ ሰው ካለ አብሬ ልሂድ» የሚባለው የመጓጓዣ ዓይነት በጽሑፍ ከተመዘገበባቸው ቀደምት አጋጣሚዎች አንዱ ይህ ሳይሆን አይቀርም። ደግሞም እስካሁን የተሻለ አልተገኘለትም።

የአየሩ ክፍል ለጥናት አይመችም፤ ቶሎ ያልቃል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሥራ በጀመረበት በ1946 እ.ኤ.አ. ወደ ጅማ ይበር ነበር። የዚያን ጊዜዎቹ ዳኮታ አውሮፕላኖች መንገደኛውን በግራና በቀኝ አግዳሚ ላይ አስቀምጠው ዕቃውን መሐል ላይ ያስሩት ነበር። ይህ አደራደር ጠፍቷል የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ። አልጠፋም፤ ወደ ሚኒባስ ተዛውሯል።

ከማረፊያው በር ላይ መንገደኛው ማንም ሳያዝዘው ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወገን ላንድክሩዘር ቆሞ የሚጠብቀው ነው። ይህ ወገን ምርጫ ስለሌለበት ከጥናቱ ወጥቷል። ሁለተኛው ወገን የላንድክሩዘሩን ባዶ ወንበሮች የሚቆጥረው ነው። ቆጥሮ ሲጨርስ ጠጋ ይልና «ወንድሜ፣ ወደ ቦንጋ ነው?» ይላል። «አይ፣ እኛ እዚሁ ነን» ይባላል። ይኸው መኪና ከሁለትና ከሦስት ሰዓት በኋላ በቦንጋ መንገድ ሸቤ ላይ ጥሩምባውን እየነፋ ሚኒባሱን ይቀድማል። «እዚሁ» የሚባለው ቦታ ስፋቱ ስንት እንደሆነ መለካት የጂኦግራፊ ሰዎች ፈንታ ነው።

ቀጥሎ ኮንትራት አለ። ሹፌሩ ዋጋ ከመጥራቱ በፊት ሻንጣውን ያያል፤ በተለይ እጀታው ላይ የተለጠፈውን የአየር መንገዱን ወረቀት። ወረቀቱ ካለ ነዳጅ የለም፣ ያለውም በጥቁር ገበያ የተገዛ ነው፣ መንገዱም ተበላሽቷል። ወረቀቱን ሽንት ቤት ገብቶ ቀዶ የወጣ ሰው ግን በመጠኑ የተሻለ አስፋልት ያገኛል።

አብዛኛው ሰው ባጃጅ ይዞ ወደ መናኸሪያ ይሄዳል፤ የጥናቱ እምብርትም እዚህ ነው። የቦንጋ ሚኒባስ የመነሻ ሰዓት የለውም፤ የሚነሳው ሲሞላ ነው። ረዳቱ ሻንጣዎን ከእጅዎ ነጥቆ ጣሪያ ላይ ካወጣው በኋላ ምርጫ የሚባለው ነገር ያበቃል፤ ሻንጣውን ትቶ የሚሄድ ሰው የለምና። «ስንት ሰው ቀረ?» ቢሉት «አንድ ሰው ነው የቀረን፣ ጋሼ፣ ግቡ ግቡ» ይላል። አንድ እናት ከነልጃቸው ይገባሉ። አንድ ሰው ቀረን። ሁለት ተማሪዎች ይገባሉ። አሁንም አንድ ሰው ቀረን። ከዚህ ተነስተን የቀሪው ሰው ቁጥር ከገቢው ሰው ቁጥር ጋር ምንም ዝምድና እንደሌለው ደርሰንበታል። አንዳንዶች ቀሪው ሰው አንድ የታወቀ ግለሰብ ነው፣ ሁሉም መኪና የሚጠብቀው እሱን ነው የሚል መላምት አላቸው። ከሆነ ስልክ ቢደወልለት መልካም ነበር።

ሌላው ግኝት የመኪናው ሙሉ መምሰል ነው። ከሩቅ ሲያዩት ወንበሩ ሁሉ ሰው አለበት። ከፊት ያሉት ሁለት ወጣቶች መስኮቱን ተደግፈው እንደ ደከመው መንገደኛ ያንቀላፋሉ። እርስዎ ገብተው ሲቀመጡ ግን አንዱ ይነቃና ይወርዳል፤ ሌላ ሰው ሲገባ ሁለተኛውም ይወርዳል። ሁለቱም ተያይዘው ወደሚቀጥለው ተራ መኪና ገብተው ያንቀላፋሉ። ቦንጋን አይተዋት እንደሆን አልጠየቅናቸውም፤ እንቅልፋቸውን ለመረበሽ የሥነ ምግባር ደንቡ አይፈቅድም።

መንገዱ ላይ ብዙ አንቆይም። ሰቃ፣ ሸቤ፣ ከዚያ ወደ ጎጀብ ቁልቁለት። ጎጀብ ቆላ ስለሆነ መስኮት ይከፈት የሚል ወገን ይነሳል፤ «ብርድ ይመታናል» የሚለው ወገን ግን እዚያ ሙቀት ውስጥም አብላጫ ድምፅ አለው። ድልድዩን ሲሻገሩ ካፋ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ዳገትና ደን፣ ብዙውን ጊዜም ዝናብ።

ስለ መጪው ጊዜ ሁለት ነገር ልብ ይሏል። ሚዛን አማን ላይ የአውሮፕላን ማረፊያ ግንባታ ተጀምሯል። ቦንጋ ከጅማ ሚዛን በሚወስደው መንገድ እኩሌታ አካባቢ ስለምትገኝ፣ ነዋሪዋ በሁለት ማረፊያዎች መካከል የመምረጥ ሙሉ መብት ይጎናጸፋል ማለት ነው፤ ሁለቱም በእኩል ይርቁታል። የአዲስ አበባ ሰው በበኩሉ ከቦሌ ይልቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ ስለሚሠራው ማረፊያ ከወዲሁ ማጉረምረም ጀምሯል። ባለሙያ ከፈለገ ቦንጋ ሞልቷል።

የጥናቱ ተግባራዊ ምክር አጭር ነው። የጠዋቱን በረራ ይያዙ፣ ወረቀቱን ይቅደዱ፣ ሻንጣውን ከእጅዎ አይልቀቁ። ባለ ላንድክሩዘሮች ደግሞ ባዶ ወንበር ይዛችሁ «እዚሁ ነን» አትበሉን፤ ሸቤ ላይ መተያየታችን አይቀርም።